በኩላብ ላይ ስለሚሰቀል ጠመንጃ

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ጠመንጃ የተጻፈ ታሪክ ስታነቡ ስለ ጦር ሜዳው እንጂ ስለ ቤቱ ግድግዳ የሚነግራችሁ ብዙ አታገኙም። ነገር ግን ጠመንጃ ከዕድሜው የሚበዛውን የሚያሳልፈው በጦር ሜዳ ሳይሆን በሰው ቤት፥ በኩላብ ላይ ተሰቅሎ ነው። እኔም የምጽፍላችሁ ስለዚያ ኩላብ ነው፤ በስምንት ዓመቴ እኅቴን ልገድላት ነበርና።

ቤታችን ከእንጦጦ ጀርባ፥ በሱሉልታ ሜዳ፥ ወደ ጎጃም ከሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አያቴ ማይጨው የዘመቱበት ቤልጅግ ከምድጃው ፊት ለፊት ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በ1948 ዓ.ም. ክረምት፥ ትልልቆቹ ለቅሶ ሄደው ሳለ፥ በርጩማ በበርጩማ ላይ ደርቤ አወረድሁት። የአራት ዓመት እኅቴን «አንቺ ጣልያን ነሽ» አልኋት፤ እርስዋም እየሳቀች እጆችዋን ወደ ላይ አነሣች። አያቴ በጥምቀት ሲተኩሱ እንዳየሁት አድርጌ አቀባበልሁና ምላጩን ሳብሁ። (ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ በሰፈራችን ያሰበ ሰው አልነበረም።) ጠመንጃው ቀጭ አለና ዝም አለ።

ባዶ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ማታ እኅቴ ጨዋታችንን አጣፍጣ ባወራች ጊዜ ነው። የአያቴ ፊት ዐመድ መሰለ። ሴት አያቴ እምዬ ግን ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ገብሱ ጎታ ሄዱ፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አግብተውም በጨርቅ የተቋጠሩ አምስት ጥይቶች አወጡ። «አንቱ በሰቀሉት ቍጥር እኔ ሆዱን ባዶ ሳላደርገው አድሬ አላውቅም» አሉ። አያቴ ጠመንጃቸው ለስንት ዓመት ባዶውን ተሰቅሎ እንደ ኖረ የሰሙት በዚያች ማታ ነው። ተቈጥተው ነበር፤ ነገር ግን እኅቴን አዩና ተዉት።

እምዬ ይህን ጥበብ የተማሩት ከጠላት ዘመን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ጠመንጃ የተገኘበትም ሰው ሞት ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው በአንድ ስፍራ ይቀበራል፤ ጥይቱ በሌላ ስፍራ፥ ከእህል ጋራ ይደበቃል። ለአርበኞች ጥይት በማቀበል ሴቶች የሠሩት ሥራ ገና በሚገባ አልተጻፈም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ መሣሪያና ጥይት፥ ወሬም ጭምር ለአርበኞች ያቀብሉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ እምዬም በቡራዩ አድርጎ ወደ ሆለታና ወደ አዲስ ዓለም በሚወስደው መንገድ ጥይት በገብስ ከረጢት ይዘው ያልፉ እንደ ነበረ ነግረውኛል። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ጠመንጃው ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ኩላቡ ተመለሰ። አምስት ዓመት ሙሉ ከወታደር ዓይን የሰወርነውን መሣሪያ ከሕፃን ዓይን ፊት አንጠለጠልነው። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ይገርመኛል።

በርግጥ አባቶቻችን ልማዱን ሲጀምሩ ሞኞች አልነበሩም። በ1533 ዓ.ም. በክሪስታቮ ደ ጋማ መሪነት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ይዘውት የመጡት፥ ከዚያም በፊት የኢማም አሕመድ ሠራዊት የተዋጋበት ዓይነት ጠመንጃ የሚተኰሰው በክር እሳት ነበር። ባሩዱን መስፈር፥ ዐረሩን በዘንግ ማጥበቅ፥ ክሩን መለኰስ ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሚያሰናዳ ሕፃን የለም። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ከግድግዳ መስቀል ጦርና ጋሻን እንደ መስቀል ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ እንጦጦ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በዚያን ዘመን በብዙ በር መሣሪያ ይገባ ነበርና በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፈው ወታደር ብዙው ከኋላው ጥይት የሚጐርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ቀጥሎ ምንሽርና ቤልጅግ መጡ፤ አምስት ጥይት ባንድ ጊዜ የሚጐርሱ። በደርግ ዘመን ደግሞ ሠላሳ የሚጐርሰው ክላሽንኮቭ መጣ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም በየመንደሩ ተሠራጨ። ኩላቡ ግን እዚያው ነው።

«ባዶ ጠመንጃ ዱላ ነው» ይሉ ነበር አያቴ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ሌባና ደመኛ ቀጠሮ አይሰጥም። ነገር ግን እርሳቸው ጋቢያቸውን እስኪያጣፉ ድረስ እምዬ ጥይቱን ከጎታው አውጥተው ሊያቀብሏቸው ይችሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ «ልጅን መምከር ይበቃል» ይላሉ። እኔም ተመክሬ ነበር፤ እንዲያውም ተገርፌበታለሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 64 ወንዶች ልጆች እውነተኛ ነገር ግን ጥይት የሌለው ሽጉጥ ከመሳቢያ ውስጥ ባለበት ክፍል እንዲጫወቱ አደረገ። የሚበዙት አገኙት፤ ብዙዎቹ ነኩት፤ ምላጩን የሳቡም ነበሩ። ከነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ አስቀድመው ተምረው ነበር።

ዛሬ ሱሉልታም፥ ቡራዩም፥ ሰበታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል፤ እህል የምናስቀምጥበት ጎታም ከብዙ ቤት ጠፍቷል። በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ በቸልተኝነት ሰው የገደለም በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543 ይጠየቃል። ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ከለቅሶው በኋላ ነው።

ሰበታ የሚኖረው ልጄ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ሽጉጡን የት እንደሚያኖረው ብጠይቀው «ከትራሴ ሥር ነው፥ አባዬ» አለኝ። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ አልጋው ላይ እየዘለለ ይጫወት ነበር። ከእኅቴ ጋራ የሆነውን ነገር በሙሉ ነገርሁት፤ እስከዚያ ቀን አፍሬ ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበርና። በማግሥቱ ብረታ ብረት ከሚሠራ ሰው ዘንድ ሄደን ቁልፍ ያለው ሣጥን አሠርተን ከግድግዳው ጋራ በብሎን አሰርነው፤ ጥይቱንም ለብቻው በሌላ ስፍራ ቆለፍንበት።

የልጅ ልጄ ሣጥኑን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «አያቴ፥ ምን አለበት?» አለኝ። እውነቱን ነገርሁት። ቀጥሎ ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እርሱን አልነገርሁትም።