ሪኩዌስትስ ከፓይተን ጋር አብሮ የማይመጣው ለምንድን ነው?

ኮድ ያስተማርኳችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሰሞኑንም በውስጥ መስመር መጥቶልኛል። የፓይተን ሰዎች ቋንቋቸው «ከነባትሪው» እንደሚመጣ መናገር ይወዳሉ። ስትጭኑት ኢሜይል መላኪያው፣ ዚፕ መፍቻው፣ የቀን ማስሊያው ሁሉ አብሮ አለ። ከድረ ገጽ ላይ ዳታ ለማምጣት ግን መምህሩ «መጀመሪያ ፒፕ ኢንስቶል ሪኩዌስትስ በሉ» ይላል። ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንዴት ከሳጥኑ ውጭ ቀረ? መልሱ ረዘም ያለ ታሪክ አለውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ጥያቄ መላክ እጅግ ቀላል ነበር። ቲም በርነርስ-ሊ የድሩን ሐሳብ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል ያቀረበው በ1989 ነው። በ1991 ጽፎ ባስቀመጠው የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ ጥያቄ ማለት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ጌት» የሚለው ቃል፣ ክፍት ቦታ፣ የሰነዱ አድራሻ። በቃ። ሰርቨሩ ገጹን ይልክና ግንኙነቱን ይዘጋል፤ መዝጋቱ ራሱ «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ብሮውዘር እንኳ ባይኖር በቴልኔት ገብቶ በእጅ መተየብ ይቻል ነበር።

ያ ቀላልነት ግን ዕዳ ነበረበት። ያኔ 404 የሚባል ነገር የለም። ሰነዱ ከሌለ ሰርቨሩ «አላገኘሁትም» የሚል ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ገጽ አድርጎ ይልካል። ሰው ሲያነበው ይገባዋል። ፕሮግራም ግን የተሳካውን ካልተሳካው የሚለይበት ምንም ምልክት አልነበረውም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ድሩ ሲያድግ ጥያቄውም አብሮ ወፈረ። በ1996 በወጣው 1.0 እትም ላይ የሁኔታ ቁጥሮችና ራስጌዎች ተጽፈው ሰፈሩ፤ የመጣው ነገር ጽሑፍ ይሁን ሥዕል የሚናገረው ራስጌ ነው። በ1997 የመጣው 1.1 ደግሞ ጠያቂው የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም ጭምር እንዲጠራ አስገደደ፤ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ድረ ገጾች መኖር ጀምረው ነበርና። ኩኪው፣ ፓስወርዱ፣ ምስጠራውም ተጨመረ። ሁሉም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ አንዱንም «ባይኖር ይሻል ነበር» ማለት አልችልም።

ወደ ፓይተን እንምጣ። ጊዶ ቫን ሮሰም አምስተርዳም ላይ መጻፍ የጀመረው በ1989 የገና እረፍት ላይ ነው፤ በርነርስ-ሊ ሐሳቡን ባቀረበበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ለሕዝብ የወጣው በፌብሩዋሪ 1991 ነው። ስለዚህ ፓይተንና ድሩ እኩያሞች ናቸው፤ ዩአርኤልሊብ የሚባለው መሣሪያም ገና በጠዋቱ አብሮት ነበር። አንድ ገጽ ዝም ብሎ ለማንበብ እሱም አንድ መስመር ይበቃዋል፤ እዚህ ላይ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። መከራው የሚጀምረው ፓስወርድ ሲመጣ ነው። ተተኪው ዩአርኤልሊብ2 ይህን ይችላል፣ ግን እንዴት? የፓስወርድ አስተዳዳሪ ትፈጥራላችሁ፣ ፓስወርዱን ታስገቡለታላችሁ፣ አስተዳዳሪውን ለአንድ ሃንድለር ትሰጣላችሁ፣ ከሃንድለሩ ኦፕነር ትሠራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ገጹን የምትጠይቁት። ለአንድ ማኅተም አራት መስኮት እንደሚያዞር ቢሮ ማለት ነው። በዲሴምበር 2008 ፓይተን 3 ሲወጣ ደግሞ ሁለቱ ተዋሐዱና ስማቸው እንደገና ተቀየረ። ዩአርኤልሊብ3 የሚባል አለ፣ እሱ ግን አንድሬ ፔትሮቭ የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ከፓይተን ጋር አይመጣም። ጀማሪ እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

በፌብሩዋሪ 2011 ኬኔት ራይትዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሪኩዌስትስን አወጣ። መፈክሩ «ኤችቲቲፒ ለሰው ልጆች» የሚል ነበር። ያንን ሁሉ መስኮት ወደ አንድ መስመር መለሰው፦ ጌት ብላችሁ አድራሻውን ትሰጣላችሁ፣ ፓስወርድ ካለም እዚያው ቅንፍ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። የሚገርመው፣ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ከሥር የሚሠራው ሞተር ያው የተማረርንበት ዩአርኤልሊብ2 ነበር! ሙሉ በሙሉ የጣለው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው፤ ዛሬ በዩአርኤልሊብ3 ላይ ቆሟል። ሰዉ የወደደው ሞተሩን ሳይሆን በሩን ነው። በእኔ እምነት ለፕሮግራመር ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው፣ ግን ብዙ ሰው «ቀላል ነገር ነው የሠራው» ብሎ ያልፈዋል።

ታዲያ ይሄን ያህል ከተወደደ ለምን ፓይተን ውስጥ አላስገቡትም? ለማስገባት ታስቦ ነበር። በ2015 ሞንትሪያል ላይ በተደረገው የቋንቋው አዘጋጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ውጭ መቆየቱ ይሻላል ተባለ። ዋናው ምክንያት ደኅንነት ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር የሚታደሰው ከፓይተኑ ጋር ነው፣ ያ ደግሞ ወራትን ይጠብቃል። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ቀዳዳ ወራት አይጠብቅም።

ይህ ነገር በወሬ ብቻ የቀረ ስጋት አልነበረም። ከፓይተን ጋር የሚመጣው መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ምስጠራ ባለው አድራሻ ሲገናኝ የሰርቨሩን ሰርቲፊኬት በራሱ አያጣራም ነበር። አንድ ተማሪ ካፌ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ ፓስወርዱን ቢልክ፣ መሐል የገባ ሌባ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ቢል ፓይተን አምኖ ይሰጠዋል። ይህ በነባሪነት የተስተካከለው በዲሴምበር 2014 በወጣው 2.7.9 ላይ ነው። ሪኩዌስትስ ከዚያ ቀድሞ ያጣራ ነበር። ስለዚህ ልጆች፣ ኢንተርኔት ላይ «ቬሪፋይን ፎልስ አድርገው፣ ችግሩ ይፈታል» የሚል መልስ ስታዩ ጠርጥሩ። የሚፈታው ችግር ሳይሆን በሩ ነው።

በ2019 ሪኩዌስትስ ወደ ፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገባ፣ ግን አሁንም ለብቻው ነው የሚጫነው። የራሱ የፓይተን መመሪያ ስለ ዩአርኤልሊብ በሚያስረዳው ገጽ ላይ ሪኩዌስትስን እንድትጠቀሙ ይመክራል። የራሱን ሸቀጥ እየሸጠ «ጎረቤቴ የተሻለ አለው» የሚል ባለ ሱቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የድር አድራሻ በመስመሩ ላይ ሲላክ የእንግሊዝኛ ፊደሎችን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው የሚቀበለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት አድራሻ ውስጥ ሲገባ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። «አዲስ አበባ» ስድስት ፊደል ናት፤ አድራሻ ውስጥ ግን ሃምሳ አራት ቁምፊ ትሆናለች፣ ክፍተቱን ሳንቆጥር። ከአማርኛ ዊኪፒዲያ ኮፒ ያደረጋችሁት ሊንክ ቴሌግራም ላይ በፐርሰንት የሚሞላው ለዚህ ነው። አማርኛውን እንዳለ ለፓይተኑ ዩአርኤልሊብ ብትሰጡት ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል፤ መጀመሪያ ራሳችሁ መለወጥ አለባችሁ። ሪኩዌስትስ ግን ራሱ ለውጦ ይልከዋል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ልመለስ። ዩአርኤልሊብ 404 ሲመጣ ይጮሃል። ሪኩዌስትስ ግን የስህተቱን ገጽ እንደ ደንበኛ ገጽ ዝም ብሎ ያስረክባችኋል፤ ቁጥሩን ካላያችሁ ወይም ሬይዝ ፎር ስታተስ ካላላችሁት እንደ 1991ዱ ፕሮግራም «አላገኘሁትም» የሚለውን ጽሑፍ ዳታ ነው ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ። ታይምአውትም ካልሰጣችሁት የራሱ ገደብ የለውም። የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መሐል ላይ ሲጠፋ ፕሮግራሙ እዚያው ተገትሮ ሊያድር ይችላል። አሥር ሰከንድ በሉት።

እስቲ ዛሬ ማታ የትውልድ ከተማችሁን ስም በአማርኛ ሰጥታችሁ ከዊኪፒዲያ ገጹን አምጡ። ዊኪፒዲያ ጠያቂው ማን እንደሆነ ማወቅ ስለሚፈልግ ዩዘር ኤጀንት የሚባለውን ራስጌ መሙላት እንዳትረሱ። የመጣላችሁን የሁኔታ ቁጥር ከከተማችሁ ስም ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።