ትንሿ መኪና፣ ትልቁ ሞተር፦ ፔጆ 205 ላይ ሞተር ሲቀየር አብሮ ምን ምን ይቀየራል?

ስልካችሁ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ እንበል። ያረጀች፣ ትንሽዬ ቀይ መኪና ናት። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ውስጡ የተቀመጠው ሞተር ከሌላ፣ ከእሷ ከምትበልጥ መኪና የመጣ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ያዞራል፣ ድምፁ ሰፈሩን ያናውጠዋል፣ በቃ ቪዲዮው አለቀ።

ቪዲዮው የማያሳየው ነገር ግን አለ። አንዱን ሞተር አውጥቶ ሌላ ማስገባት የሥራው ግማሽ እንኳን አይደለም። ቀሪው ግማሽ ሲዘለል ነው ገንዘብም ሕይወትም የሚጠፋው። ዛሬ ለዚህ ሥራ በጣም ከሚታወቁት መኪኖች አንዷን፣ ፔጆ 205 ጂቲአይን፣ እንደ ምሳሌ ይዘን ነገሩን ከሥሩ እናያለን።

መኪናዋ ማን ናት?

የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና ሀችባክ ትባላለች፤ ቪትዝን ማሰብ ይበቃል። እንዲህ ላለች ቀላል መኪና ፋብሪካው ራሱ ጠንከር ያለ ሞተርና የተሻለ ፍሬን ሲሰጣት "ሆት ሀች" ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ጎልፍ ጂቲአይ ስሙን ካስተዋወቁት ቀዳሚው ነው።

ፔጆ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሐረር 404 ታክሲ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን የ1980ዎቹ ወጣት የሚያልመው 205 ጂቲአይን ነበር። 205 እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣች፣ ጂቲአይዋ በ1984 ተከተለች። የመጀመሪያዋ ሞተሯ 1.6 ሊትር (1580 ሲሲ) ሆኖ 105 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቁጥሩ ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ግን መኪናዋ የምትመዝነው ወደ 850 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ ለመሮጥ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። በ1986 ደግሞ 1.9 ሊትር ሞተር ያላት፣ 130 የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ እህቷ መጣች።

ለምን ያንን ሞተር መረጡ?

ፔጆ በዚያው ዘመን 405 ኤምአይ 16 የሚባል ከፍ ያለ የቤት መኪና ነበረው። ሞተሩ 1905 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ 160 የፈረስ ጉልበት። ይኼ ሞተር ከ205 ጂቲአይ ሞተር ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ የአሉሚኒየም ብሎክ አላቸው፤ ዋናው ልዩነት ቴስታታው ላይ ነው። የ205ቱ 8 ቫልቭ ሲኖረው የ405ቱ 16 አለው፣ ስለዚህ አየር በደንብ ይስባል፣ በደንብም ያስወጣል።

ዝምድናው ትልቅ ትርጉም አለው። የ405ቱ ሞተር ከ205ቱ ካምቢዮ ጋር ይገጥማል፣ የሞተር ጎሚኒዎቹም ቦታቸውን ያገኛሉ። ሻንሲ መቁረጥ ወይም መበየድ አያስፈልግም። ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያ ትምህርት ይኼ ነው፦ ሞተር ሲመረጥ ትልቁን ሳይሆን ዘመዱን ፈልጉ። ከማይገናኝ ፋብሪካ የመጣ ሞተር ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን ማያያዣው፣ ዘንጉ፣ ሽቦው ሁሉ በእጅ ሊሠራ ነው።

ቆይተው ደግሞ ብዙዎች ወደ 306 ጂቲአይ 6 ሞተር ሄደዋል። እሱ 2 ሊትር፣ 167 የፈረስ ጉልበት፣ ከባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ጋር ነው። ብሎኩ ግን ብረት ስለሆነ የመኪናዋን አፍንጫ ያከብደዋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የመጀመሪያዋ 205 ጂቲአይ እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 8 ኪሎ ገደማ ይጎትት ነበር። 160ውን ሞተር አስገብተን መኪናዋ ትንሽ ከብዳ 900 ኪሎ ብትሆን እንኳ ድርሻው ወደ 5.6 ኪሎ ይወርዳል። ይኼ ቀልድ አይደለም። መኪናዋ ግን የተሠራችው ለ8 ኪሎው ነው። ፍሬኗ፣ ራዲያተሯ፣ ፍሪሲዮኗ ያንን ነው የሚያውቁት።

ሞተሩ ገባ፤ አሁን ሥራው ተጀመረ

1. ፍሬን። ፍሬን የሚያቆመው ፍጥነትን ይመስለናል እንጂ የሚሸከመው ጉልበቱን ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ቀድሞ ያድጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የነበረች መኪና 140 ስትገባ ፍጥነቷ የጨመረው በ40 በመቶ ነው፤ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መቀየር ያለበት ጉልበት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ፋብሪካው ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። 1.6ቷ ከኋላ ባለ ከበሮ ፍሬን ስትሆን፣ ለ1.9ኟ የኋላውም ዲስክ ሆነላት። ፋብሪካ ለ25 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ ፍሬን ከቀየረ፣ ለ55 ጭማሪ እንዳለ መተው ምን ይባላል?

2. ሙቀት። ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ብዙ ሙቀት ያወጣል። ለትንሹ ሞተር የበቃ አሮጌ ራዲያተር፣ ዳገት ላይ ወይም ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ እጁን ይሰጣል። የአሉሚኒየም ቴስታታ አንዴ ከሞቀ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ጋራዥ የገባ ሰው ያውቀዋል።

3. ዘይት። የኤምአይ 16 ሞተር የታወቀ ድክመት አለው። ረጅም ኩርባ በፍጥነት ሲያዝ ከሞተሩ ሥር ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ያኔ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ሞተሩ በሰከንዶች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ሞተሩን ከማስገባታቸው በፊት የዘይት መያዣው ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ክፍልፋይ የሚያሠሩት። ሞተሩ ውጪ እያለ ይኼ ቀላል ሥራ ነው።

4. ሽቦና ኮምፒውተር። አዲሱ ሞተር የራሱ ሴንሰሮችና የራሱ ኮምፒውተር አለው። ሞተሩን ብቻ ገዝቶ ሽቦውን እዚያው የተወ ሰው፣ ሁለተኛ ሲመለስ መኪናው ተበትኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሲገዛ ሙሉውን፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው ነው። የ30 ዓመት ሽቦ ደግሞ ሽፋኑ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከቤንዚን ቱቦ አጠገብ እንዲህ ያለ ሽቦ ማለት እሳት ማለት ነው።

5. ፍሪሲዮንና ካምቢዮ። አሮጌ ፍሪሲዮን አዲሱን ጉልበት አይዘውም፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ሞተሩ በወረደበት ጊዜ መቀየሩ ነው የሚያዋጣው።

እግር ማንሳት የሚገድልበት ቦታ

205 ጂቲአይ የምትታወቅበት አንድ ጠባይ አለ። ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ የፈራ ሾፌር በደመ ነፍስ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል። ያኔ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎቿ ይቀላሉ፣ ቂጧ ወደ ውጪ ይወጣና መኪናዋ ትሽከረከራለች። ብዙ 205ዎች ከአጥር ጋር የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው። ትልቅ ሞተር ሲገባ ሾፌሩ እዚያ ኩርባ ላይ የሚደርሰው ከድሮው በበለጠ ፍጥነት ነው። የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ የላትም፤ ኤርባግም ሲወጣ አልነበራትም።

ፔጆ ራሱ 205ን ለዓለም ራሊ ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ ምን እንዳደረገ እንይ። 205 ቱርቦ 16 በሚባለው መኪና ሞተሩን ከፊት አንስቶ ከወንበሮቹ ኋላ አስቀመጠው፣ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረገ፣ ከሥሩ አዲስ አካል ሠራለት። መኪናው የ1985 እና የ1986 ሻምፒዮን ሆነ። ትልቅ ጉልበት ለመጨመር ፋብሪካው መኪናዋን በሙሉ ነው የቀየረው።

ወረቀቱስ?

እንግሊዝ አገር ሞተር የቀየረ ሰው የሞተሩን ቁጥርና ሲሲ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ለኢንሹራንሱም ማሳወቅ አለበት። ጀርመን ውስጥ ለውጡ ተመርምሮ ሰነዱ ላይ ይገባል። እኛ አገርም ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ መኪናው ሲሸጥ፣ ሲመረመር ወይም አደጋ ሲደርስ ጣጣው ያንተ ነው። ወረቀት የሌለው ሞተር ደግሞ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሕጋዊ ሰነዱን ጠይቁ፣ መንገድ ትራንስፖርትም ሄዳችሁ ምን እንደሚፈለግ አጣሩ።

እኛ ጋ ሲመጣ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ ሞተርም ይቀየርላቸዋል። ነገሩ ፔጆም ይሁን ቶዮታ ሕጉ አንድ ነው።

አንድ የራሳችን ጉዳይ ግን አለ፦ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 160 የተባለው ወደ 130 ይወርዳል ማለት ነው። ውሃ ደግሞ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተር ክዳን ደህና መሆን አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ውሃውን አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሞተሩን ገዝታችሁ ኪሳችሁ ባዶ የሚሆን ከሆነ፣ ገና አልደረሳችሁም። መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ራዲያተሩን አሠሩ። አሁን ባለው ሞተር እንኳ መኪናችሁ ሌላ መኪና ሆና ታገኟታላችሁ። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ፤ ያኔ መኪናዋ ዝግጁ ሆና ትጠብቀዋለች።

ሞተር መኪናን ያስሮጣል። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ግን ፍሬኑ ነው።