ሥራ የፈታ ፍሬን

ሚኒሶታ የበረዶው ወራት አልፎ የፒክአፔን የኋላ ጎማ ሳስፈታ፣ የፍሬኑ ዲስክ በዝገት ቅርፊት አውጥቷል። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነውና መጀመሪያ የፈለግኩት ስህተቱን የሠራውን ሰው ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን ጥፋተኛ አጣሁ።

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን በስሙ ያስመዘገበው በፈረንጆቹ 1902 ነው። ሸራው መዳብ ስለነበር ጩኸቱ አይጣል ነው! በ1953 ጃጓር የሌ ማንን ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ግን ብዙዎች አመኑበት።

ለዲስኩ የተለመደው ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ንዝረት ያበርዳል። ግን ይዝጋል። ሸራው የሚነክሰውን ፊት ደግሞ ቀለም ቀብተህ አታድነውም፤ የሚያጸዳው ራሱ ፍሬኑ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገዷ ላይ ጨው መበተን አበዛች። ጨው ዝገትን ያፋጥናል። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ስለሚሄድ የኋላው ፍሬን ብዙም አይሠራም፤ ዝገቱን የሚጠርግለት የለም።

እኔ ክረምቱን ሙሉ የነዳሁት ባዶውን ነው። ዲስኩን የጨረሰው ሥራ ብቻ ሳይሆን ሥራ ማጣትም ነው። አሁን መኪናዬን ካሳጠብኩ በኋላ ሳላቆም ትንሽ እነዳና ፍሬን ደጋግሜ እይዛለሁ፤ ውሃው እንዲደርቅ።