ምልክት የሌለው ቂጥኝና የነፍሰ ጡሮች ምርመራ

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በጨብጥ፣ በቂጥኝ፣ በክላሚዲያና በትሪኮሞናስ 374 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ኢንፌክሽኖች ተከስተዋል። አራቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ አብዛኞቹ የተያዙ ሰዎች ግን ምልክት ስለማያዩ ሕክምና አይፈልጉም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ የአባላዘር በሽታን መከላከል የታማሚውን ስሞታ መጠበቅ የለበትም የሚል ነው፤ ማስረጃውም በእርግዝና ወቅት የሚገኝ ቂጥኝ ነው።

ቂጥኝን የሚያመጣው ትሬፖኔማ ፓሊደም የተባለ ባክቴሪያ ነው። የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ በማሕፀን በር ላይ ከወጣም ሴቲቱ አታየውም። ባይታከምም በጥቂት ሳምንታት ይሽራል። በሽታው ግን አልዳነም፤ ተሕዋሲው በደም ይሠራጫል፣ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፣ ከዚያም ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። በዚህ መካከል ብታረግዝ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለጊዜ መወለድ ወይም ከቂጥኝ ጋር መወለድ ሊከተል ይችላል።

ምልክትን ተከትሎ ማከም ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ብዙዎችን ይጠቅማል። ምልክት የሌላትን ነፍሰ ጡር ግን አይደርስላትም። ስለዚህ ምርመራው በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ሊደረግ ይገባል። ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን አንድ ላይ የሚለይ ፈጣን መመርመሪያ አለ። መድኃኒቱም በመርፌ የሚሰጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ መጠኑ ለቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ፣ ለቆየ ወይም ጊዜው ላልታወቀ ደግሞ ይኸው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ነው። ፅንሱን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመጠበቅ የመጀመሪያው መርፌ ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ መሰጠት አለበት።

የትዳር ጓደኛ ካልታከመ እናቲቱ እንደገና ልትያዝ ትችላለች። እዚህ ላይ የባለሙያው አነጋገር ወሳኝ ነው። የደም ምርመራው ኢንፌክሽኑ ከማን እንደመጣ አይናገርም፤ ተደብቆ የሚኖር በሽታ በመሆኑም ከጋብቻ በፊት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ የመማገጥ ማስረጃ ተደርጎ ከተወሰደ ሴቶች ምርመራውን ይሸሻሉ፣ ባሎችም ይቀራሉ። ኮንዶም የመተላለፍ ዕድልን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሳይሸፈን የቀረ ቁስል ግን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ምርመራን አይተካም።

ኩባ በ2015 እ.ኤ.አ. ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ ከዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን ማረጋገጫ አግኝታለች። መሠረቱ ቀድሞ የሚጀመር ክትትል፣ የእናትና የአባት ምርመራ እንዲሁም ፈጣን ሕክምና ነበር። መመርመሪያውና ፔኒሲሊኑ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን ሊገኙ ይገባል፤ ለመርፌው ሌላ ቀን የተቀጠረች እናት ላትመለስ ትችላለችና።