የሥጋ ደዌ ታሪክና የአጥንት ምስክርነት

በአገራችን «አጥንት መቁጠር» ሲባል የትውልድን ሐረግ መቁጠር ማለት ነው፤ በቀድሞ ዘመን ርስት የሚፈልግ ሰው የአባቱንና የአያቱን አጥንት ቆጥሮ ይከራከር ነበርና። ዛሬ ግን አጥንትን በሌላ መንገድ የሚያነቡ ሊቃውንት አሉ። እነዚህ በጥንት መቃብር የተገኘውን ዐፅም መርምረው፥ ያ ሰው በሕይወቱ ሳለ ምን ሕመም እንደ ነበረበት ይናገራሉ። መጽሐፍ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ነገር ይነግረናል፤ ስሙ ያልተጻፈውን የድኻውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረን ዐፅሙ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አጥንት ቃሉ ጥቂት ነው። ሕመም ሲያገኘው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ተበልቶ ይሳሳል፥ ወይ አዲስ አጥንት ያበቅላል። እንደ ኮሌራ በጥቂት ቀን የሚገድል ደዌ በአጥንት ላይ ምልክት ሳይተው ያልፋል። ስለዚህ በዐፅሙ ላይ ምልክት የተገኘበት ሰው ከሕመሙ ጋር ብዙ ጊዜ የኖረ ነው፤ ዐፅሙ ንጹሕ የሆነውም ጤነኛ ነበረ ማለት አይደለም። መርማሪው ይህን ካላስተዋለ ምስክሩን ሳይሰማ ይፈርዳል።

አጥንት የፈታውን አንድ ክርክር እናንሣ። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ዳር የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚኖሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ቁምጥና ይዞታል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ከቤቱና ከዘመዱ ተለይቶ ወደዚያ ይገባ ነበር። በኋላ የተነሡ ጸሐፍት ግን የዚያ ዘመን ሰዎች የቆዳውን ሕመም ሁሉ፥ እከኩንም ቁስሉንም፥ በአንድ ስም ይጠሩት ነበር ብለው ጻፉ። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በኦሪት ዘሌዋውያን ለምጽ የተባለው የሰውን ቆዳ ብቻ ሳይሆን ልብስንና የቤትን ግድግዳ ጭምር የሚይዝ ነውና፥ አንድ ቃል ብዙ ነገር ሊሸከም ይችላል። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ እጅግ ከባድ ነበረ፤ ብዙ ሰው ደዌው ሳይኖርበት ከወገኑ ተለየ ማለት ነውና።

ቪልሄልም ሞለር ክሪስተንሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1948 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኔስትቬድ በምትባል ከተማ አጠገብ መቆፈር ጀመረ። ስፍራው በመካከለኛው ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤት መቃብር ነው። ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ዐፅምም ወጣ። ሐኪሙ በችኮላ ቁፋሮ የሚጠፉትን የጣትና የፊት ትንንሽ አጥንቶች ሳይቀር በጥንቃቄ ሰበሰበ።

ያገኘውም ይህ ነው። በአፍንጫ ቀዳዳ ግርጌ ያለችው ሹል አጥንት ተበልታ ጠፍታለች፤ የላይኛውን የፊት ጥርስ የሚይዘው አጥንት ሸሽቷል፤ በአንዳንዱም ላንቃው ተበስቷል። የእግርና የእጅ ጣቶች አጥንት እንደ ተቀረጸ እርሳስ ቀጥኗል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዐፅም ሲገኙ የሥጋ ደዌ ምልክቶች ናቸው። በኔስትቬድ ከተቀበሩት የሚበዙት ይህ ምልክት ተገኘባቸው። በእንግሊዝ አገርም በዊንቸስተር በማርያም መግደላዊት ስም በተጠራው የሕሙማን ቤት መቃብር እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ ዐፅሞች አንዳንዶቹ ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የተቀበሩ ናቸው። እንግዲህ በእነዚህ ቤቶች የነበሩ የቀድሞ ሰዎች ቁምጥና ብለው የለዩት በአብዛኛው በእውነት ቁምጥና ነበረ። አላዋቂዎች ናቸው ብሎ የናቃቸው የኋለኛው ትውልድ ተሳስቷል።

አጥንቱ ሌላም ነገር ይመሰክራል። የአፍንጫና የጣት አጥንት በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዓመታት ይፈጃል። እጁ የደነዘዘ፥ ጣቱ ያጠረ ሰው እንደ ቀድሞው ሠርቶ ሊበላ አይችልም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ከኖረ፥ እህል የሚያቀርብለትና ቁስሉን የሚያጥብለት ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ቤት መለያ ብቻ ሳይሆን መጦሪያም ነበረ።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት ከዴንማርክ፥ ከስዊድንና ከእንግሊዝ ዐፅሞች የደዌውን ተሐዋስያን ዘረ መል አውጥተው አነበቡ። ዛሬ ካለው ጋር ሲያስተያዩት በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ደዌው ከአውሮፓ እየጠፋ የሄደው ተሐዋስያኑ ስለ ደከመ አይመስልም፤ ምክንያቱን በሰዎቹ ኑሮና አካል መፈለግ ይገባል።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ደዌውን በትክክል መለየት አንድ ነገር ነው፤ የደዌውን ምንጭ ማወቅ ሌላ ነው። በኖርዌይ በርገን ከተማ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። በ1873 ዓ.ም. ግን በዚያው ከተማ ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ተሐዋስያኑን አገኘ፤ ስሙም በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተመሠረተው የምርምር ተቋም ተሰጠ። ዛሬ ደዌው በመድኃኒት የሚድን ነው፤ አብዛኛውም ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

በእኛም አገር ይህ ደዌ ከዘር የሚወርድ ነው በሚል ከሕሙማን ቤተ ሰብ ጋር መጋባትን የሚፈራ አለ። ደዌው ግን የሚገባው በአጥንት ሐረግ አይደለም። ለጋብቻ አጥንት የሚቆጥር ሰው ይህን ያስተውል፤ በዐፅሙ የደዌው ምልክት የተገኘበት ሰው ለልጁ ያወረሰው ደዌ የለም።