የቱባ ቦርሳ ጉዳይ፦ ለመሆኑ ተሸካሚው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ በመጨረሻ የራሴን ቱባ ገዛሁ! ግን ያለ ቦርሳ ነው የመጣው። ምን ዓይነት ልግዛ?» ይላል።

ቱባ ሲባል «ቱባ ባህል» ወይም የክር ቱባ ትዝ የሚላችሁ ወዳጆቼ፣ እሱን አይደለም የምለው። በማርሽ ባንድ ውስጥ ያ ትልቁ፣ ድምፁ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስለው የናስ መሣሪያ ነው።

መልሱን በሁለት መስመር ልጽፍለት ጀመርኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ትንሽ ታሪክ።

ቱባ በዕድሜው ወጣት ነው፤ የተወለደው በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። የፕሩሺያ ጦር ሙዚቃ ሰው የነበረው ቪልሄልም ቪፕሬኽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ «ባስ ቱባ» ብለው የፈጠራ መብት ወሰዱበት። ልብ በሉ፣ የተሠራው በሰልፍ ለሚሄድ ወታደር ጭምር ነው። ወታደሩ መሣሪያውን ታቅፎ እየነፋ ይሄዳል፣ ቦርሳ ትዝም አይለው።

ግን ይከብዳል። የዛሬው ቢ ፍላት ቱባ ቱቦው ተፈትቶ ቢዘረጋ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ክብደቱም ወደ 10 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዚህ መሣሪያ ጥያቄ «እንዴት ይነፋል?» ብቻ አልነበረም፤ «እንዴት ይሸከሙታል?» ጭምር ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሄሊኮን የሚባለው መጣ። ቱቦው እንደ ትልቅ ቀለበት ዞሮ በትከሻ ላይ ይጠለቃል፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦም ይነፋል። በ1890ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው የባንድ መሪ ጆን ፊሊፕ ሱዛ የባሱ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ በባንዱ ላይ እንዲፈስ ፈለገ። በዚህም በስሙ የተጠራው ሱዛፎን ተሠራ። እነዚህ ሰዎች ለመሣሪያው ቦርሳ ከመስፋት ይልቅ መሣሪያውን ራሱን በትከሻ ልክ ሰፉት ማለት ይቻላል።

ተቀምጠው ለሚጫወቱት ደግሞ የእንጨት ሳጥን ተሠራ። ውስጡ በከፋይ የተለበጠ፣ ለባቡርና ለመርከብ ጉዞ የሚሆን። ጥሩ ይጠብቃል፤ ችግሩ ሳጥኑ ብቻውን የቱባውን ያህል ሊመዝን መቻሉ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኋለኛ አሥርት ዓመታት ስፖንጅ ያለው፣ ጀርባ ላይ የሚታዘለው «ጊግ ባግ» እየተለመደ ሄደ። ይህ እንግዲህ ከሥራ ወደ ሥራ ለብቻው የሚሮጥ፣ ዕቃ የሚያነሳለት የሌለው ሙዚቀኛ ቦርሳ ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችን አይተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ቀጥሎም የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች መጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን የመሣሪያው ባለቤት ቤተ መንግሥት ወይም ተቋም ነው። ስለ ማጓጓዣው የሚያስበውም እሱ ነው።

ዛሬ ግን ቱባ የሚነፋ ልጅ ታክሲ ተራ ይቆማል። ለእኔ የቦርሳው ጥያቄ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ቦታ አንድ አሮጌ ቱባ ነበረን፣ ኬዙ ተሰባብሮ የተጣለ። እኔ ሸራ ተራ ሄጄ ቦርሳ አሰፋሁ። ሰፊው «ውስጡ ስፖንጅ ይግባበት?» ሲለኝ ዋጋውን ሰማሁና «ምን ያደርጋል፣ ተወው» አልኩ። ቀለል ያለ፣ የሚያምር ቦርሳ ወጣ። ኮራሁበት።

አንድ ቅዳሜ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ቱባውን ይዞ ሚኒባስ ገባ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀብሎ ከኋላ ወሸቀው፤ ሰው ተደገፈው። ልምምድ ቦታ ሲደርስ የቱባው አፍ ተጨራምቷል፣ አንዱ ፒስቶን አልወርድ ብሏል። እኔ በጓደኞቹ ፊት ጮኩበት። «ዕቃ መያዝ የማታውቅ!» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። አፉን ባትላሜራ ቤት አቃናነው፤ ልጁ ግን ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ትራምፔት ጠየቀኝ። «ይቺን ጉያዬ ሥር እይዛታለሁ» አለ።

ባለፈው ሳምንት የጻፈልኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ስማ፣ ልጄ። ከዋጋው በፊት መንገድህን ቁጠር። በአውሮፕላን የምትሄድ ከሆነ ጠንካራ ኬዝ እንጂ ሌላ አትመን። በታክሲና በእግር ከሆነ ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ያለው ይሁን። የአፉን ስፋትና ቁመቱን በሜትር ለክተህ ሂድ፤ ሰፍቶ የሚንከላወስበትም፣ ጠብቦ ዚፑ የሚታገልበትም አይሆንም። ስፖንጁን በእጅህ ጫን ጫን አድርገህ እይ፣ በተለይ በአፉ ጠርዝ፣ በፒስቶኖቹና ከታች በሚታጠፈው ቱቦ በኩል። ማውዝፒሱ የራሱ ኪስ ይኑረው፤ ውስጥ ከተንከባለለ እሱው ራሱ ይጎደጉደዋል። ውኃውን ሳታፈስ አትክተተው። መኪና ውስጥ ስታስተኛው ፒስቶኖቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ክረምት መግቢያ ነውና ዝናብ የማያስገባ ይሁን።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ያን ቀን ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። የስፖንጁን ዋጋ የቆጠብኩት እኔ፣ የከፈልከው አንተ ነህ። በሰው ፊት ስለተቆጣሁህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ቦርሳውን ስትገዛ ፎቶውን ላክልኝ። ቱባህን ደግሞ መጥቼ እሰማለሁ።