ስለ ዛፍና ስለ ቅጽር

ከቀራንዮ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። በዚሁ ተራራ ጥግ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዘመነ መንግሥታቸው (1426–1460 ዓ.ም.) ከአንኮበርና ከደብረ ሲና መካከል ካለው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ በጽሑፍ ይመስከርም አይመስከር፣ የአገሩ ሰው ደን በራሱ የሚበቅል ብቻ ሳይሆን ተዘርቶና ተጠብቆ የሚኖር ሀብት መሆኑን እንደ ተረዳ ያሳያል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ለቤትና ለማገዶ የሚቈረጠው እንጨት በዙሪያዋ ያለውን ደን ፈጀው። ከዚህም የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በቶሎ ያድጋልና፣ ቢቈርጡትም ከጕቶው ያቈጠቍጣልና። ይህን ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን ውሃ እንደሚመጥና በአጠገቡ የተዘራውን እህል እንደሚያቀጭጭ ገበሬው ሳይማር ያውቃል፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማም ምንጭ እያደረቀ ነው ተብሎ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ ማገዶ የሚሻ ከተማ ምድጃውን እንዴት አድርጎ ይነቅላል?

ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በብዙ አገር የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። ጽድን ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት፣ ወይራን ስለ ጥንካሬው ለእርሻ መሣሪያ፣ ኮሶን ለመድኃኒት የሚፈልግ ሰው ዘሩ የት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። ይህን የጠበቀው የመቅደሱ ክብር ብቻ ነው የሚል ግን ነገሩን በግማሽ አይቶታል። ወፍ በልታ የጣለችው የወይራ ፍሬ ሊበቅል የሚችለው ጥላ ሲያገኝና ከከብት ኮቴ ሲድን ነው፤ ጥላውን የቀደመው ዛፍ፣ መከታውን ደግሞ ግንቡ ይሰጠዋል።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከብት በሚገባበት ስፍራ ችግኙ እንደሚጠፋ፣ በታጠረበት ግን እንደሚተርፍም በፈተና አሳይተዋል። ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ ልጅ ከሌለው፣ ያ ደን ለተመልካች ለምለም ቢመስልም ዘር አልባ ነው።

በቀራንዮ ዙሪያ የነበረው እርሻ ዛሬ የቤት ቦታ ሆኗል፤ አሁን የሚያሰጋው ኮቴ ሳይሆን ምሳርና ሲሚንቶ ነው። በቅጽር ውስጥ ለአዳራሽና ለሚከራይ ሱቅ አንድ ጽድ ሲወድቅ የሚጠፋው ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ለመጪው ችግኝ ዘር የሚሰጥ እናት ነው። በደቡብ ጎንደር ግን የአንዳንድ አጥቢያ ገበሬዎች ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው በደኑ ዙሪያ ካቡት፤ ማሳው ለማረሻ ቀና፣ ከካቡም ወዲያ ችግኙ በቀለ።